እንዳትነግሪብን

በካንሰር ሕክምና ክፍል ለሚሠራ ሐኪም ከመድኃኒቱ ስም በፊት የሚለመድ አንድ ልመና አለ፤ "ዶክተር፣ አደራሽን፣ እንዳትነግሪብን" የሚል። የባዮፕሲው ውጤት ደርሷል። ታላቁ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ያቆመኛል፤ እህቶቹ ከኋላው ተሰብስበዋል። እናትየው ውስጥ ወንበር ላይ ሆነው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። "ጨጓራ ነው በያት። ያ በሽታ ነው ካልሻት በድንጋጤ ትሞትብናለች።" ይህን የሚለኝ የተማረውም ያልተማረውም፣ ከገጠር የመጣውም ከውጭ አገር በአውሮፕላን የደረሰውም ነው።

አንዳንድ ወጣት ሐኪሞች ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ክፉ ወሬ በአገራችን የራሱ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ለባለቤቱ ተሽቀዳድሞ አይነገርም። በመጀመሪያ ጎረቤትና የቅርብ ዘመድ ይሰማል፣ ለዕድሩ ይነገራል፣ ማን ያርዳ፣ አጠገቡስ ማን ይቀመጥ ተብሎ ይመከራል። ሌሊቱን ሁሉም በሆዱ ይዞ ያድርና ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ሩቅ ላለ ልጅ "አባትህ ታመዋልና ድረስ" ይባላል እንጂ መንገድ ላይ ሳለ አይረዳም። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ከአዲስ አበባ የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጓደኛው ነው፤ ጓደኛውም ሰው አሰባስቦ ሰውዬው ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ቤቱ ይደርሳል። የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ ግልጽ ነው፦ ማንም ሰው መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ። ዛሬ ፌስቡክ ላይ በተለጠፈ ፎቶ የአባቱን ሞት የሚያነብ ልጅ ሥርዓቱ ምን ይጠብቀው እንደነበር ያን ጊዜ ይገባዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሥርዓት የወጣ ሰው ፊት ነጭ ጋውን የለበሰ እንግዳ ቁጭ ብሎ "ካንሰር አለብዎት" ቢለው ምን ይሰማዋል? በሕክምና አንትሮፖሎጂ የተመራመሩት የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጻፉት ጥናት ይህንኑ ይመለከታል። የአሜሪካ ሐኪም እውነቱን ለበሽተኛው በቀጥታ መንገር ግዴታው ነው ብሎ ያምናል። ኢትዮጵያዊው ደግሞ ክፉ ወሬ በቤተሰብ በኩል፣ በሰዓቱና በወጉ መምጣት አለበት ይላል። ሁለቱም ለበሽተኛው አዝነው ነው የሚጋጩት።

ነገር ግን አሜሪካኖቹም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባለ ሐኪም ቺካጎ ውስጥ 219 ሐኪሞችን ጠይቆ ነበር። ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ካንሰርን ለበሽተኛው አለመንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። ምክንያታችሁ ምንድን ነው ሲባሉ አብዛኞቹ "ልምዳችን" አሉ፤ ሆኖም መናገርን በቅጡ ሞክረው ያዩት ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ መጠይቅ ለሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶ የሚሆኑት መንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ18 ዓመት ውስጥ የሰው ልብ ከብረት አልተሠራም። ሕክምናው ተሻሻለ፣ የታካሚ ፈቃድ በሕግ ተጠናከረ፣ ስለ ሞት በግልጽ መነጋገር ተጀመረ፤ ከሁሉ በላይ ግን ባልደረቦቹ ከሐኪሙ የሚጠብቁት ነገር ተለወጠ። ይህን ቁጥር የማነሳው እነሱን ለመምሰል አይደለም። የሰው ባሕርይ ነው እያልን የምናልፈው ነገር ብዙ ጊዜ የአካባቢያችን ወግ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

የእኛን የመደበቅ ወግ ያቆየው ምን እንደሆነ የማየው ልጆቹን አንድ በአንድ ሳነጋግር ነው። ታናሺቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለኔ ቢሆን ቢነገራት ይሻል ነበር፤ ወንድሜ ግን አይሰማም" ትላለች። ወንድሟ በበኩሉ "እናቴ እንኳ ጠንካራ ናት፤ እህቶቼ ናቸው የማይችሉት" ይላል። የሚፈሩት በሽታውን ብቻ አይደለም። የነገረ ሰው እናቱ በሳምንቱ ቢያርፉ "ያ ንግግር ነው የገደላቸው" ይባላል፤ የልቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ ስሙ ይነሳል። እሱ ደብቋቸው ቢያርፉ ግን ማንም ምንም አይለውም። ወቀሳው በአንድ በኩል ብቻ ስለተቀመጠ ሁሉም ወደ ሌላው ያዘነብላል። በዚህ ዓይነት ማንም ከልቡ የማይፈልገው ዝምታ የመላው ቤተሰብ ውሳኔ ሆኖ ይወጣል።

በሽተኛዋስ? ኬሞ እየወሰዱ ፀጉራቸው ያለቀ አንዲት እናት፣ ልጆቹ መድኃኒት ሊገዙ ሲወጡ ጠብቀው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እኔስ አውቄዋለሁ። ጨጓራ ፀጉር ይነቅላል እንዴ? እነሱ እንዳይሰቀቁብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" እናት ልጆቿን፣ ልጆች እናታቸውን ይከላከላሉ፤ በመካከሉ ግን ያለው ጊዜ ያልፋል። ለማን ምን እንደሚተዉ ሳይናገሩ፣ የተቀየሙትን ሳይታረቁ፣ አንዳንዴም ያበደሩትን እንኳ ሳያስታውቁ የሚሄዱ አሉ። ስለ ሕክምናው ያልተነገራቸውም ለጨጓራ ይህን ያህል መቸገር ምን አመጣው ብለው ኬሞውን መሀል ላይ ያቋርጣሉ። ይህ ከሁሉ ያሳዝነኛል።

ኑዛዜም እኮ የእኛው ወግ ነው። የነፍስ አባት መጥራት፣ ይቅር መባባል፣ ልጆችን ሰብስቦ መመረቅ ከመርዶው ሥርዓት ያላነሰ ሥር ያላቸው ናቸው። ለመጨረሻው ሰዓት ወግ አለን፤ ሰውየው ሰዓቱ መቅረቡን ካላወቀ ግን አይደርስበትም። ስለዚህ መንገርን ከውጭ የመጣ ነገር አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም። የሕክምና ሥነ ምግባሩም ውጤቱ የታካሚው ምስጢር ነው ይላል።

እኔ የምከተለው መንገድ ቀላል ነው። ናሙናው ሳይወሰድ፣ ማንም ምንም ሳያውቅ፣ ቤተሰቡ ባለበት በሽተኛውን እጠይቃለሁ፦ "ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገር ወይስ ከቤተሰብ ለሚመርጡት ሰው?" አንዳንዱ "ለልጄ ንገሪው፤ እኔ ምን አደርግለታለሁ" ይላል። ያም መልስ ነው፤ አከብረዋለሁ። ብዙዎቹ ግን "ለኔው ንገሪኝ፤ ልጄም አጠገቤ ይሁን" ይላሉ። በዚያ ቃል የልጁ ሸክም ይወርድለታል፤ ከዚያ ወዲያ "ለምን ነገርክ" ብሎ የሚወቅሰው የለም። የምነግረውም በጠዋት ነው፤ በሩን ዘግቼ፣ ውኃ አስቀርቤ፣ የመረጡት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ። መርዶ ነጋሪዎቻችን ያወረሱንን ይህን ጥንቃቄ የሕክምና ተማሪዎች ቢማሩት ደስ ይለኛል።

የምርመራ ቀጠሮ የያዛችሁ ቤተሰቦች፣ ኮሪደር ላይ እኛን ከመለመናችሁ በፊት፣ ውጤቱም ሳይደርስ፣ ያንኑ ጥያቄ እናትና አባታችሁን እናንተው ጠይቋቸው።