የሌሞዋ መምህርት ደመወዝ በየት በኩል ይመጣል?

በሆሳዕና ዙሪያ ባለው ሌሞ ወረዳ የምታስተምር አንዲት መምህርት አስቡ። ደመወዟ የሚመጣበትን መንገድ ብትከተሉት፣ የውጭ ዕርዳታ ማለት ስንዴና ላንድክሩዘር ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። እኔማ ካወቅሁት ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም።

እስከ 1997ቱ ምርጫ ድረስ የዓለም ባንክ፣ እንግሊዝና ሌሎች ለጋሾች ገንዘባቸውን በቀጥታ ለፌዴራል መንግሥቱ በጀት ይሰጡ ነበር። ከምርጫው በኋላ ደም ሲፈስ ይህን አቆሙ። ገንዘቡ ሲቋረጥ ግን መጀመሪያ የሚጎድልበት ማነው? ሚኒስትሩ አይደለም፤ መምህርቷና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው።

አንዱ መላ መንግሥትን ዘልሎ በኤንጂኦ መሥራት ነበር። ሰላም በራቃቸው አገሮች የተለመደው ይኸው ነው። ፕሮጀክቱ የራሱን ክሊኒክ ይከፍታል፣ ደህና ይከፍላል፣ ጎበዟን ነርስ ከጤና ጣቢያው ይወስዳታል። ዘመኑ ሲያበቃ ታፔላው ዝጎ ይቀራል፤ ጤና ጣቢያውም ነርሷን እንዳጣ ነው።

ለጋሾቹ የያዙት መንገድ ሌላ ነበር። ግንቦት 1998 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በ215 ሚሊዮን ዶላር «የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ» የተባለውን ፕሮግራም አጸደቀ፤ ባለሙያዎቹ ፒቢኤስ ይሉት ነበር። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ በሚወርደው ድጎማ በጀት ውስጥ ተቀላቅሎ ይሄድ ነበር። የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አዲስ ነገር አይፈጥርም ነበር፤ በለመደው መዝገብ፣ በለመደው ፔሮል ይከፍል ነበር። እየከፈለም ሥራውን ይለምድ ነበር።

አዲሱ ነገር ቁጥጥሩ ነበር፤ እኔን የሚማርከኝም የማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። ወረዳዎች በጀታቸውን ተራ ሰው በሚገባው መልክ እንዲለጥፉ ተደረገ፦ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል። ገበያ የወጣ ገበሬ ቆም ብሎ «የእኛ ቀበሌ መንገድ የታለ?» ማለት ቻለ ማለት ነው። ሁሉም ይጠይቃል አልልም። ያው የወረዳና የቀበሌ መዋቅር የገዢው ፓርቲ እጅም ነበርና፣ ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ዕርዳታው ለፖለቲካ መጨቆኛ ውሏል ብሎ ለጋሾቹን አጥብቆ ወቅሷል። ወቀሳው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ታዲያ ያ ሁሉ ልምምድ ጸና? በ2015 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት በሃዲያ ዞን የመምህራን ደመወዝ ለወራት ዘገየ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። የደቡብ ክልል ፈርሶ ሆሳዕና ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ የሆነችውም በዚያው ሰሞን ነው። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከወረዳ በጀት የሚቆረጠው የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ገበሬው ማዳበሪያውን በዱቤ ይወስዳል፣ ሳይከፍል ሲቀር ዕዳው ከወረዳው ላይ ይወራረዳል፤ መምህርቷ ባልዘራችው በቆሎ ባዶ ኪሷን ትገባለች።

ፔሮሉ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛውም ሥራውን ያውቃል። እኔ ብጠየቅ ግን ያ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር አስጨምር ነበር፦ «ከዚህ ውስጥ ለዕዳ የሚቆረጠው»።