የመሣሪያ ሣጥን ጎማ ሲያወጣ

ዝቋላ ሲባል ለብዙው አንባቢ ወዲያው ትዝ የሚለው በሸዋ ያለው፣ በራሱ ላይ ሐይቅና የአቦን ገዳም የተሸከመው ተራራ ነው። እኛ ዛሬ የምናወሳው ግን ሌላውን ዝቋላ ነው። ይኸኛው ዝቋላ በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ ቍልቍል የሚወርድ የቆላ ወረዳ ሲሆን፣ ከተማው ጽጽቃ ይባላል። ፀሐዩ የበረታ፣ መሬቱ ድንጋያማ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የሚገኝ ትምህርት ቤት ጎማ ያለው የመሣሪያ ቁም ሣጥን ምን ይጠቅመዋል? ቅንጦት ይመስል ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ በብዙ ትምህርት ቤት መሣሪያ የሚገኘው ከሁለት በአንዱ ሁኔታ ነው፤ ወይ ተቈልፎበታል፣ ወይ ጠፍቷል። መጋዙ፣ መዶሻው፣ መላጊያው፣ መሮውና የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናሉ፤ በሞዴል 22 ወጪ ካልሆኑ በቀር የግምጃ ቤቱን ደጃፍ አያልፉም። ንብረት ጠባቂው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንድ ፒንሳ ቢጐድል የሚጠየቀው እርሱ ስለ ሆነ ነው። በዚህም የተነሣ ተማሪው መላጊያን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥሎ ያየዋል፤ በእጁ ሳይዘው ግን ትምህርቱን ይጨርሳል። ይህ ውሃ ሳይነኩ ዋና እንደ መማር ነው።

በዋግ ደግሞ ችግሩ ከሌላው ስፍራ ይብሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የነበረው ጦርነት ዋግን ክፉኛ ጐድቶታል፤ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ንብረት አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ መዶሻ ሁሉ ብርቅ ነው፤ ብርቅ የሆነ ዕቃ ደግሞ ይቈለፍበታል። ስለዚህ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ጥቂት መሣሪያ ሳይጠፋ በብዙ ልጆች እጅ እንዲዞር ለማድረግ ምን ዘዴ አለ?

አንድ የባዕድ አገር ሰው መንገዱን ያሳየናል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ፒያኖ ሠሪ የነበረው ሄንሪ ስታድሊ (1838–1925 እ.ኤ.አ.) ወደ 300 የሚጠጉ መሣሪያዎችን፣ ሲዘጋ ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል በሆነ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ይህን ያስቻለው እያንዳንዱ መሣሪያ በልኩ የተዘጋጀ የራሱ ቦታ ስለ ነበረው ነው። መሣሪያው ቢጐድል ባዶው ቦታ ይናገራል። ነገር ግን የስታድሊ ሣጥን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአንድ ሰው ሣጥን ነበር። የትምህርት ቤቱ ሣጥን የብዙዎች ነውና ከክፍል ወደ ክፍል መዞር አለበት።

አሠራሩ እነሆ። የሣጥኑ ቁመት 90 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 50 ይሁን። ከዚህ እጅግ ቢረዝም ሲገፉት ሊወድቅ ይችላል፤ ቢሰፋም በክፍሉ በር አያልፍም። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ቢገኝ መልካም ነው። ርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ አይመከርም። ለጎንና ለጀርባ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይበቃል። በኮላ ከማጣበቅዎ በፊት ሣጥኑን ከማእዘን እስከ ማእዘን በሁለቱም አቅጣጫ አሻግረው ይለኩት። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ማእዘኖቹ ቀና ናቸው፤ ካልሆኑ ግን መሳቢያዎቹ ይጣበቃሉ።

ትልቁ ጥንቃቄ በጎማው ላይ ነው። ልጆች ከአሮጌ ኩሽኔታ ጋሪ ሲሠሩ ሁላችንም አይተናል። ኩሽኔታ በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ይሮጣል፤ በአፈር ላይ ግን ይቀበራል፣ ወደ ጎንም አይዞርም። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ አራት ጎማ ያድርጉለት፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሁለቱ የሚዞሩና ፍሬን ያላቸው ይሁኑ። የእያንዳንዱም ስፋት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የጎማውን ጉልበት ሲመርጡ የሣጥኑን ክብደት ለአራት ሳይሆን ለሦስት ያካፍሉ፤ ወለሉ ባልተስተካከለበት ስፍራ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራልና። ሣጥኑ ከነመሣሪያው 120 ኪሎ ቢመዝን፣ አንዱ ጎማ 40 ኪሎ መሸከም አለበት ማለት ነው። ጎማዎቹም የሚታሰሩት በሚስማር ሳይሆን በብሎንና በዳዶ ነው።

ወለሉ አፈር፣ ግቢውም ድንጋይ ከሆነ ሌላ ብልኃት አለ። በአንድ ወገን ሁለት ትልልቅ ጎማ፣ በሌላው ወገን ሁለት እግርና ሁለት መያዣ ይደረግለታል። ያን ጊዜ ሁለት ተማሪዎች እንደ ካሪዮላ አንሥተው ይገፉታል፤ ሲያስቀምጡትም እግሮቹ ፍሬን ይሆናሉ። ከባዱ ዕቃ ወደ ጎማው ወገን ቢቀመጥ ለማንሣት ይቀላል። እግሮቹን በላሜራ መሸፈን ደግሞ ከምስጥ ያድናል። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ በማለቱና ቦታውን በመለዋወጡ ምስጥ መንገድ ቢጀምር እንኳ ቶሎ ይታያል።

የውስጡ አደላደል እንዲህ ነው። መሰርሰሪያው፣ የኤሌክትሪክ መጋዙና ሞርሳው ከታች ይሁኑ፤ ክብደቱ ታች ሲሆን ሣጥኑ አይገለበጥም። ካቻቢቴ፣ መሮ፣ ሞረድና ሜትር ከላይ ባሉት ጥልቀት በሌላቸው መሳቢያዎች ይቀመጡ። ሁለት የተሞሉ መሳቢያዎችን አንድ ላይ መሳብ ሣጥኑን ወደ ፊት ሊጥለው ስለሚችል፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። መብራት በሚቈራረጥበት አገር በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ ይመረጣል፤ ባትሪው ግን ፀሐይ በሚያግለው ክዳን ሥር አይቀመጥ፣ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እያንዳንዱን መሣሪያ በቦታው አስተኝተው ዙሪያውን በእርሳስ ይሣሉ፤ ከዚያም የመሣሪያውን ጥላ በቀይ ቀለም ይቀቡት። መዶሻው ሲነሣ ቀይ መዶሻ ይታያል። የመሣሪያዎቹን ስም ዝርዝር በበሩ ውስጥ ይለጥፉ። ከዚህ በኋላ መምህሩ በየቀኑ ለአንዳንድ መሮ መፈረሙ ይቀርና፣ ሣጥኑን ከነሙሉ ዕቃው በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ በሞዴል 22 ይረከባል። የክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሲደርስ ተረኛው ተማሪ ሣጥኑን ከፍቶ ያያል። ቀይ ነገር ከታየ ማንም ከክፍል አይወጣም፤ ካልታየ ይቈለፋል። ቍጥጥሩ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

እንግዲህ ንብረት ጠባቂውን ከጭንቀት፣ መሣሪያውን ከዝገት፣ ተማሪውንም ከጠመኔ ሥዕል የሚያወጣው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ሣጥን ራሳቸው ተማሪዎቹ ቢሠሩት ደግሞ ትምህርቱ ከዚያው ይጀምራል፤ መለካቱ ሂሳብ ነው፣ ክብደት ማደላደሉም ፊዚክስ። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም በአቅራቢያዎ ባለ ትምህርት ቤት የተቈለፈበት ግምጃ ቤት ካለ፣ አንድ ጣውላ ወይም አንድ ጥንድ ጎማ ይዘው ብቅ ይበሉ። ዐሥር መሣሪያ ብቻ ቢኖርም ይጀመር፤ ዐሥሩም በልጆች እጅ ይዋሉ፣ ማታም በቦታቸው ይደሩ።