ስፒትፋየሩን ቀለም ከመቀባትዎ በፊት

የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ከ23 ሴንቲ ሜትር ነበር። በ1 ለ72 ልክ የሚሠራው የፕላስቲክ ሞዴሉ ግን 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ በመሆኑ መዳፍዎ ላይ ያርፋል። መዳፍ በምታክለው በዚህች ነገር ላይ ትልልቅ ሰዎች ለሳምንታት ያቀረቅራሉ። ቡኒው የት ያበቃል? አረንጓዴውስ ከየት ይጀምራል? ሆዱ ጥቁርና ነጭ ነው ወይስ ፈዛዛ አረንጓዴ? ከውጭ ለሚያይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ዘመድ ለልጅዎ ያመጣው ሳጥን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ከሆነ ግን አውርዱት፤ ጨዋታው ከሚመስለው በላይ ቁም ነገር አለው።

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን ዓይነት ቀለም ልግዛ?” ብሎ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። የትኛው አውሮፕላን? በየትኛው ወር?

ምክንያቱም የስፒትፋየር ቀለም አንድ ሆኖ አያውቅም። ተዋጊ አውሮፕላን ሁለት የሚጣሉ ፍላጎቶች አሉት፤ ከጠላት መደበቅ ይፈልጋል፣ በወገን ደግሞ መታወቅ አለበት። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሲጀመር ብሪታንያ ለሁለተኛው ነገር አድልታ ነበር። የግራው ክንፍ ሆድ ጥቁር፣ የቀኙ ነጭ ይቀባ ነበር፤ መሬት ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ ሲያይ “የእኛ ነው” እንዲል። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1939፣ ጦርነቱ ከታወጀ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ስፒትፋየሮች የራሳቸውን ወገን ሁለት ሃሪኬን አውሮፕላኖች በስህተት መትተው ጣሉ። አንደኛው አብራሪ ሞተ።

በጁን 1940 መደበቁ አመዘነና ጥቁርና ነጩ ቀርቶ ሆዱ በሙሉ “ስካይ” በሚባል ቀለም እንዲቀባ ታዘዘ። ስሙ ሰማይ ማለት ቢሆንም ሰማያዊ አይደለም፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። በኖቬምበር ደግሞ መታወቁ እንደገና አሳሰበና በጭራው በኩል በዚሁ ቀለም አንድ ቀለበት ተጨመረ፤ የፕሮፔለሩም አፍንጫ እንዲሁ ተቀባ። በኦገስት 1941 የላይኛው ቡኒ በግራጫ ተተካ፤ ውጊያው ከእንግሊዝ ማሳዎች በላይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ባሕሩ ስለተሻገረ።

እንግዲህ ይህን ይዘው አንድ ሞዴል ይመልከቱ። ከሥሩ “የብሪታንያ የአየር ውጊያ፣ 1940” የሚል ጽሑፍ አለው፤ ላዩ ግን ግራጫና አረንጓዴ ነው። ያ ውጊያ የተካሄደው ከጁላይ 10 እስከ ኦክቶበር 31 ነበር። ሞዴሉ የአንድ ዓመት ያህል ስህተት ተሸክሟል ማለት ነው። የጭራው ቀለበትም ቢሆን በዚያ ውጊያ ላይ ቦታ የለውም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ ነገር ልንገርዎ። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል የተሣለው ሳጥኑ እንዲሸጥ ነው። ጭሱ፣ እሳቱ፣ ደመናው ሁሉ ለዓይን ነው። ቀለም ለመምረጥ የሚታመነው በዘመኑ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ሙዚየም ውስጥ ያለ አውሮፕላንም ቢሆን በኋላ ዘመን እንደገና ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

ፎቶግራፍ ካልተገኘ ቁጥሩ ይረዳል። ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ጣሪያ ላይ የተሰቀለ፣ ከ609ኛው ስኳድሮን ጋር በዚያ ውጊያ የተሰለፈ ስፒትፋየር አለ። መለያ ቁጥሩ አር 6915 ነው። ፋብሪካዎቹ በቡኒና በአረንጓዴ የሚቀቡት በሁለት ንድፍ ነበር፤ “ኤ” እና “ቢ” ይባላሉ። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ተጋማሽ የሆነው ኤን፣ ጎዶሎ የሆነው ቢን ያገኛል። 6915 ጎዶሎ ስለሆነ ቢ ይሆናል ብለው መነሣት ይችላሉ። ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅም ይህን ሊያሰላልዎት ይችላል፤ ቢያሰላልዎትም ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ብሩሹ እንሂድ። በሃምብሮል ቀለም ለሚሠራ ሰው ቡኒው 29 ቁጥር፣ አረንጓዴው 30፣ ሆዱ 90 ነው። መጀመሪያ ሆዱን፣ ቀጥሎ ላዩን በሙሉ ቡኒ፣ ሲደርቅ አረንጓዴውን በላዩ ይቀቡ። ወፍራም አድርገው አንዴ ከመለቅለቅ ቀጭን አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ መደራረብ ይሻላል። ጠብታ ነጭ መጨመርም አይከፋም፤ ትልቅ ነገር ላይ ትክክል የሆነ ቀለም ትንሽ ነገር ላይ ሲቀባ ጠቁሮ ይታያልና።

የቀለም መርጫ መሣሪያ የለኝም ብለው አይዘኑ። የሁለቱ ቀለማት ድንበር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቢደበዝዝ እንኳ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ለ72 ሲያካፍሉት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በመርጫ የተሠራ ሰፊና ጭጋግ የመሰለ ድንበር ያምራል፤ ልክ ግን አይደለም። በጥሩ ብሩሽ በእርጋታ የተሰመረው ይበልጠዋል።

ምልክቶቹን ከመለጠፍዎ በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀቡ። ሸካራ ገጽ ላይ ከለጠፉ ከሥሩ አየር ይቀርና እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ የዘወትር የጀማሪ ምልክት ይኸው ነው። ተለጣፊውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይንከሩ፣ በወረንጦ ይዘው ቦታው ላይ ያንሸራትቱ፣ በንጹሕ ጨርቅ ውኃውን ያድርቁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ብርሃን የማይመልስ ቫርኒሽ ይደርቡበት።

ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ የመትረየሱ ነገር ነው። ስፒትፋየር ማርክ አንድ በክንፎቹ ላይ ስምንት መትረየስ ነበረው። አፋቸው ቆሻሻና ውርጭ እንዳይገባበት በቀይ ጨርቅ ይሸፈን ነበር፤ የመጀመሪያው ጥይት ጨርቁን ቀዶት ይወጣል። ስለዚህ ቀዩ ጨርቅ ሙሉ ከሆነ አውሮፕላኑ ገና አልተኮሰም። በክንፉ ሥር የባሩድ ጥላሸት ከሳሉ ደግሞ ጨርቁ የተቀደደ መሆን አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሞዴል በጣም ብዙ ነው። ከሞተሩ የጭስ መውጫ ወደ ኋላ የሚሄደው ጥላሸት ግን ያልተኮሰ አውሮፕላን ላይም ይኖራል።

እግሮቹንም ልብ ይበሉ። የሚታጠፉት ወደ ውጭ ስለሆነ የሚነሡት ከሆዱ አጠገብ ነው፤ ቁመናው ጠባብ፣ ጎማዎቹ ደግሞ ከፊት ሲታዩ ወደ ውጭ በትንሹ የተከፈቱ ናቸው። ቀጥ ብለው የቆሙ እግሮች አውሮፕላኑን ሌላ ያደርጉታል። በብረቱ ገጣጥሞች ላይ ጥቁር ቀለም ማፍሰስም ይብቃዎት። የሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት በዚህ ልክ ከፀጉር ይቀጥናል፤ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡኒ በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ማድረግ በቂ ነው። የአብራሪው ክፍል ላይ ብዙ አይድከሙ፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ የሚታየው ወንበሩና ቀበቶው ነው።

ዕቃውን ከውጭ በሚመጣ ሰው የሚያስልኩ ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዘይት የሚበጠበጠው ቀለም፣ ማቅጠኛውና የፕላስቲክ ሙጫው ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይገቡም። በውኃ የሚበጠበጠውን አክሪሊክ ይዘዙ፤ ለልጅም የሚሻለው እሱ ነው። ሙጫውን ሲጠቀሙ መስኮት ይክፈቱ፣ ምላጩን እርስዎ ይያዙ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ለልጅዎ ይስጡ። እሱ የመጋጠሚያውን ጠርዝ እያለሰለሰ ሳለ እርስዎ የመለያ ቁጥሩን ይፈልጉ።