የሞተር ሳይክል ፍሬቻ በላስታ መንገድ

የሞተር ሳይክል ፍሬቻ ሞተረኛው ወዴት ሊታጠፍ እንዳሰበ ለሌላው መንገደኛ የሚያሳውቅ መብራት ነው። በተለመደው አሠራር አራት ፍሬቻ ይኖራል፤ ሁለቱ ከፊት፣ በዋናው መብራት ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከኋላ፣ በፓራፋንጎው ግራና ቀኝ። ቀለማቸው ብርቱካናማ ሲሆን በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላሉ። መኪናና ባጃጅ ሰፊ አካል ስላላቸው ፍሬቻቸውን እዚያው አካላቸው ላይ ይይዛሉ። ሞተር ሳይክል ግን ቀጭን ነው፤ ሁለቱ መብራቶች ከተቀራረቡ ከሩቅ የሚያይ ሰው የትኛው እንደሚበራ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬቻ በአጭር ክንድ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ይታሰራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደንብ ቁጥር 53 በፊተኞቹ መካከል ቢያንስ 240፣ በኋለኞቹ መካከል ቢያንስ 180 ሚሊ ሜትር ርቀት እንዲኖር ይጠይቃል። ለመታየት ሲባል ወደ ውጭ የወጣ ነገር ለመመታትም ይቀድማል። ፍሬቻን ደብቆ መጠበቅ ስለማይቻል፣ ጥበቃው በዋናነት ሲመታ እንዳይሰበር ማድረግ ነው።

በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉት የላስታ ደጋዎች ይህ ጥበቃ ብዙ ትኩረት ይሻል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተዳፋት ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ 4,260 ሜትር ይደርሳል። ሜዳ የሆነ ማቆሚያ ማግኘት ቀላል አይደለም። በከተማው ውስጥ ኮብልስቶን፣ ወደ ገጠር በሚገነጠሉት መንገዶች ላይ ደግሞ ጠጠርና ኮረት ሞተሩን ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጡታል።

ፍሬቻን ከሁሉ ይበልጥ የሚሰብረው የቆመ ሞተር መውደቅ ነው። የጎን መቆሚያው በግራ በኩል ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም ወደ ግራ ያጋድላል። መሬቱም ወደ ግራ ካዘቀዘቀ ከልክ በላይ ያዘነብላል፤ ወደ ቀኝ ካዘቀዘቀ ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በትንሽ ግፊት ወደ ቀኝ ይገለበጣል። በክረምት አፈሩ ስለሚርስ የመቆሚያው ጫፍ ይሰምጥና ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሞተር በግራ ጎኑ ይተኛል። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሞተረኛ ከፊት የሚመጣውን መስመር ያቋርጣል። ስለዚህ ይበልጥ የሚያስፈልገው የግራ ፍሬቻ ነው፤ ይበልጥ የሚሰበረውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጭነት ነው። ከኋላ የታሰረ የገብስ ጆንያ ወይም በጎን የተንጠለጠለ ጄሪካን በንዝረት እየወረደ የኋላውን ፍሬቻ ይጫነዋል። ገመዱ በፍሬቻው ክንድ ላይ ከዞረ ደግሞ ጠቅላላው ክብደት በዚያ ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ያርፋል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሲወጣና ሲወርድ እግሩ የሚነካውም ይህንኑ ፍሬቻ ነው። በቅዳሜ ገበያ የተጫነ አህያ በቆመ ሞተር አጠገብ ሲያልፍ፣ ወይም ለገና በዓል ምእመናን ከተማዋን ሲሞሉ፣ በጠባብ መንገድ ዳር የቆመ ሞተር መገፋቱ አይቀርም። በአይሱዙ ተጭኖ የሚጓዝ ሞተር ደግሞ ፍሬቻው ከጭነት መኪናው ጎን ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር እየተጋጨ ሊሰበር ይችላል።

ፀሐይም የራሷ ድርሻ አላት። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህም የፍሬቻውን ሽፋን ያደበዝዛል፣ የክንዱን ጎማ ያደርቃል። የደረቀ ጎማ መታጠፉ ቀርቶ ይሰነጠቃል።

ጥበቃው ከክንዱ ምርጫ ይጀምራል። ደረቅ የፕላስቲክ ክንድ ሲመታ ከሥሩ ይቆረጣል፤ የጎማ ክንድ ግን ታጥፎ ተመልሶ ይቃናል። ክንዱ ደረቅ ከሆነም በክንዱና በሚታሰርበት ብረት መካከል ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ ማስገባት ንዝረቱንና ቀላል ምቱን ያበርዳል። ብሎኑ በሮንዴላ ይታሰራል፤ ሆኖም ከመጠን በላይ አይጠብቅም፤ በጣም የጠበቀ ፕላስቲክ በንዝረት ብቻ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው መከላከያ ብረት ነው። ከሞተሩ ፊት ግራና ቀኝ የሚታሰረው ብረት ከፍሬቻው ይልቅ ወደ ውጭ ከወጣ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ሰዎች ሞተሩን ይዘው ቀስ ብለው በጆንያ ላይ ማጋደምና ቀድሞ የሚነካውን ክፍል ማየት ይበቃል። ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ለዚህ ዓይነት ኑሮ የታሰበ ነው፤ የመሪውን እጀታዎች የሚከልል ብረት፣ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ አለው። ፍሬቻውን ብቻ የሚከብብ ብረት የሚበየድ ከሆነ ግን ብርሃኑን ከጎን እንዳይጋርድና ሽፋኑን እንዳይነካ ክፍተት ሊተውለት ይገባል።

ከብረቱ በላይ የሚጠቅመው አቋቋም ነው። በዳገት ላይ ሞተሩ የፊት ጎማው ወደ ላይ ዞሮ፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ ይቆማል። በእርጥብ መሬት ላይ ከመቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል። ጭነት ከዕቃ መጫኛውና ከዋናው ብረት ጋር ብቻ ይታሰራል፤ ጆንያው ሲወርድ ፍሬቻውን እንዳይሸፍንም ጥቂት ተጉዞ ገመዱን ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል። በመኪና ሲጫን ፍሬቻውን በብሎኑ ፈትቶ መውሰድ ከሁሉ ይሻላል።

የሽቦው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ክንዱ ሲሰበር የተወጠረ ሽቦ ይላጥና የሞተሩን ብረት ይነካል። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች አንድ ፊውዝ ብቻ ስላላቸው እሱ ሲቃጠል ጡሩምባውና የፍሬን መብራቱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሽቦው ትንሽ ላላ ብሎ ይታሰራል፤ መገጣጠሚያውም ሲጎተት የሚላቀቅ ዓይነት ይሆናል፤ የተላጠው ቦታ በናስትሮ ይጠቀለላል።

የተጎዳ ፍሬቻ በብልጭታው ይታወቃል። በአንድ በኩል ያለው ብልጭታ ከሌላው ወገን ይልቅ ከፈጠነ፣ ከዘገየ ወይም በርቶ ከቀረ፣ በዚያ በኩል አንዱ አምፖል ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። የተለመደው 10 ዋት አምፖል በኤልኢዲ ከተተካ ግን ኤልኢዲው የሚወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ምንም ሳይበላሽ ብልጭታው ሊፈጥን ይችላል፤ ያኔ ብልጭታውን የሚቆጣጠረው ፍላሸርም አብሮ ይለወጣል። የተሰበረ ሽፋን በቀይ ወይም በነጭ ፕላስቲክ አይተካም፤ ቀይ የፍሬን መብራት፣ ነጭ ደግሞ የፊት መብራት ስለሚመስል የኋለኛውን አሽከርካሪ ያሳስታል።

ፍሬቻው እስኪጠገን ድረስ ምልክቱ በእጅ ይሰጣል። ቀኝ እጅ ነዳጅ መስጫውን ስለሚይዝ ሁሉም በግራ እጅ ነው፦ ወደ ጎን የተዘረጋ ክንድ ወደ ግራ መታጠፍን፣ ከክርኑ ታጥፎ ወደ ላይ የቆመ ክንድ ወደ ቀኝ መታጠፍን ያመለክታል። ይህ የሚያገለግለው በቀን ብቻ ነው። በጨለማና የደጋ ጉም በሸፈነው መንገድ ላይ የእጅ ምልክት ስለማይታይ፣ ፍሬቻው ያልተጠገነ ሞተር በዚያ ሰዓት መንዳት አይገባም።