«ዶፕሲክ»ን አይታችሁ «እውነት ነው?» ላላችሁኝ

ፋርማሲስት ነኝ። ስለዚህ ስምንት ክፍል ድራማ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ባጭሩ ልመልስ። ዋናው ሐኪም የፈጠራ ሰው ነው፤ የሕመም ማስታገሻው ኦክሲኮንቲንና አምራቹ ኩባንያ ፐርዱ ግን እውነተኛ ናቸው።

ኦክሲኮንቲን አሜሪካ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ፣ መግለጫው ላይ ቀስ ብሎ ስለሚለቀቅ ያላግባብ ጥቅም ላይ የመዋል ዕድሉ ይቀንሳል ተብሎ እንደሚታመን ተጻፈ። ይህን ያረጋገጠ ጥናት አልነበረም። ሻጮቹ ግን ያንኑ ይዘው የሐኪሞችን በር አንኳኩ። ፈቃዱን የመረመረው ባለሙያ ቆይቶ በዚያው በፐርዱ ተቀጠረ። ድርጅቱ በ2007 እና በ2020 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ፈተናው ባንኮኒ ላይ ነው። ማታ ላይ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር «ወገቤን ነው፣ ሁለት ስትሪፕ ትራማዶል» ብሎ ብር ይዘረጋል። ማዘዣ የለውም። ብከለክለው ቀጣዩ ፋርማሲ ይሸጥለት ይሆናል። አከፋፋዩም «አሥር ፓኮ ስትወስድ አንድ ቦነስ» ብሎኛል። ትርፍና ሥነ ምግባር የሚፋጠጡት እዚህ ላይ ነው።

ልብ በሉ፦
• ትራማዶልም እንደ ኦክሲኮንቲን ከኦፒዮይድ ወገን ነው፤ ሱስ ያስይዛል።
• ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ከአልኮል ጋር ደግሞ ይብሳል።
• ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት አያቁም፤ ሐኪም ያማክር።
• ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ካያችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውሉ።

ሐኪም ሲያዝላችሁም «ለስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ።