ዓመቱን የሰው በዓል የሚሸምኑ እጆች

በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ይዛችሁ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፋችሁ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ የመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ በነጭ ይሆናል። ነጠላው፣ ቀሚሱና ጋቢው በየሱቁ ደጅ ተሰቅሎ በነፋስ ይወዛወዛል። አብዛኛው ገዢ ከዚያ አያልፍም፤ መርጦ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ ይመለሳል። ከሱቆቹ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንደር ዘልቆ የገባ ሰው ግን ከማየቱ በፊት ይሰማል። ከየቤቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ይወጣል፤ ቀጭ፣ ጧ! ቀጭ፣ ጧ! ድምፁ ከማለዳ ጀምሮ እስኪመሽ አይቋረጥም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ድምፅ ኋላ የተቀመጠውን ሰው፣ የጋሞን ሸማኔ ያስተዋውቃችኋል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለሠርግ የምንለብሰውን የሚሠራልን እሱ ነው። ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀኑን እንዴት እንደሚውል፣ የራሱን አጭር በዓል ጠብቆም ምን ይዞ ወደ አገሩ እንደሚገባ ማወቅ የለበስነውን ልብስ ማወቅ ነው።

የመጣበት አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አርባ ምንጭ ትደርሳላችሁ። ከዚያ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል እያያችሁ ጠመዝማዛውን ዳገት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወጡ ቆላው ያልቅና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ይጀምራል። ዶርዜ እዚያ ነው፤ ጨንቻም ከዚያ አለፍ ብሎ ነው። ጉም የማይለየው፣ እንሰትና ቀርከሃ የሚበቅልበት፣ ሕዝቡ ብዙ፣ የእርሻ መሬቱ ጠባብ የሆነ አገር ነው። መሬቱ ለሁሉም ስለማይበቃ ወንዱ ልጅ ሸማ ሠርቶ ማደርን ከአባቱ ይማራል። በአጼ ምኒልክ ዘመን ደቡቡ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ እየመጡ በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። ዶርዜ ከብዙዎቹ የጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው፤ ከተሜው ግን ከዚያ ደጋ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ «ዶርዜ» ብሎ መጥራት ለመደ።

ለዶርዜ ሽመና በልብስ አያበቃም፤ ቤቱም የተሸመነ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ይጎነጎናል፤ በላዩም ይከደናል። ፊት ለፊቱን ሲያዩት የዝሆን ግንባር ይመስላል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዓመታት ሲያልፉ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ ባለቤቱም የተበላውን እየቆረጠ ያስወግዳል፤ ስለዚህ ያረጀ ቤት አጭር ነው። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ መጎንጎንንና ማጠላለፍን ገና ክር ሳይነካ ያየዋል።

ድርና ማግ

የሽመናው እቃ ከሩቅ ሲታይ የእንጨትና የገመድ ክምር ይመስላል። በጥንቱ አሠራር መሬት ይቆፈርና ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በከተማ ብዙዎች ከፍ ያለ የእንጨት መቀመጫ ሠርተው ጉድጓዱን ትተውታል፤ ሥራው ግን ያው ነው። በቁመት የተወጠረው ክር ድር ይባላል፤ አግድም የሚገባው ማግ ነው። ሸማኔው በእግሩ አንዱን መርገጫ ሲጫን የድሩ ግማሽ ወደ ላይ ይነሣል፣ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከል በተከፈተው ክፍተት መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይልከዋል። በመወርወሪያው ሆድ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም አለ፤ እየተተረተረ ክሩን ጥሎ ያልፋል። ከዚያ ሸማኔው ማበጠሪያ የመሰለውን ጥርሳም እቃ ወደ ራሱ ስቦ አሁን የገባችውን ክር ቀድማ ከገባችው ጋር ያጣብቃታል። ቀጭ የሚለው መወርወሪያው ነው፤ ጧ የሚለው ይህኛው ነው።

አንድ ውርወራ ከአንዲት ክር ውፍረት የበለጠ ልብስ አይሠራም። አንድ ነጠላ እስኪያልቅ ይህ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ የሚላክ ስለሆነ የሸማው ስፋት የእጅን ልክ አያልፍም፤ ከአንድ ሜትር ያንሳል። ነጠላችሁን ዘርግታችሁ ብታዩት መሐሉ ላይ ስፌት የምታገኙት ለዚህ ነው፤ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ነው ነጠላ የሆነው። ነጠላ ስሙ እንደሚለው ያልተደረበ ነው። ሁለት ሲደረብ ኩታ፣ አራት ሲደረብ ጋቢ ይሆናል። በወፍራም ማግ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራው ደግሞ ቡልኮ ነው፤ የደጋ አባቶች ብርዱን የሚመክቱበት።

ጥለቱ ላይ ሲደርስ ሥራው ይለወጣል። በሸማኔው ፊት የተሳለ ሥዕል የለም። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፤ ባነሣቸው ሥር ባለቀለሙን ክር ያሳልፋል፤ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ክር ከዘለለ የጥለቱ መስቀል ይጣመማል፤ ያን ጊዜ መፍታት ግድ ነው። ተራው ነጠላ በቀናት ሲያልቅ ጥለቱ የበዛ የሀበሻ ቀሚስ ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ሕዝቡ ይህን ሥራ «ጥበብ» ብሎ የጠራው በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱም ትርጉም፣ የጥለቱም የዕውቀቱም፣ ይገባዋል።

ከእንዝርት ወደ ጋቢ

ሸማኔው ብቻውን ልብስ አይሠራም፤ ከእሱ በፊት የሴት እጅ አለ። እናቴ ለእኔ ጋቢ ያሠራችበትን ዓመት አልረሳውም። ጥጡን ገዝታ፣ ፍሬውን በመዳመጫ ብረት ለይታ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ አደረገችው። ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ ጠቅልላ ማታ ማታ፣ የቡናው ረከቦት ከተነሣ በኋላ፣ በእንዝርት ትፈትል ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ልቃቂቱ ሰፌድ ሞላና ተያይዘን ሽሮ ሜዳ ሄድን።

ሸማኔው አንዱን ልቃቂት አንሥቶ የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ፣ ለቀቅ አደረገው። «እማማ፣ ይህ ለማግ እንጂ ለድር አይሆንም፤ ሲወጠር ይበጠሳል» አላት። «ድሩን የፋብሪካ ክር እናድርገው። ሙቀቱ ከማጉ ነው የሚመጣው፤ አይስጉ።» ከዚያ ልቃቂቱን እያገላበጠ፣ «ይሄ ቀጥ ብሎ የወረደው ልብዎ ሳይከፈል የፈተሉት ነው። ወፈር ቀጠን ያለው ደግሞ እንቅልፍ ሲጥልዎት» አላት። እናቴ ሳቀች፤ እውነቱን ነበር። አንድ ክር ዐይቶ የፈታይዋን ማታ የሚያውቅ ባለሙያ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጋቢው ዛሬም አለኝ። ገለጥ አድርጌ በብርሃን ሳየው ወፍራሟን ክር አገኛታለሁ።

እንዲህ ያለ ጋቢ ያልያዘ መንገደኛ ጥቂት ነው። ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ሪያድ የሚሄድ ልጅ ሻንጣው ሲከብድ ሌላው ሌላው ይቀነሳል፤ የእናት ጋቢ አይወጣም።

ሥራና በዓል

የሸማኔው ክፍያ በሠራው ቁራጭ ልክ ነው፤ ያልሠራበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው። ሲነጋ ይቀመጣል፤ ብርሃን ሲደክም ይነሣል። ሲውል የሚደክመው እጁ ብቻ አይደለም፤ ወገቡ ጎንበስ እንዳለ ይውላል፤ ዐይኑ ከነጭ ክር ላይ አይነሣም። ክር ያጠነጠነ ልጅ፣ ቀሰም የሞላች ሚስት፣ ድር ያደራ ወንድም አብረውት አሉ፤ ሽመና የቤተሰብ ሥራ ነው።

ዓመቱ የሚቆጠርለት በሰው በዓል ነው። በነሐሴ የእንቁጣጣሽ ትእዛዝ ይመጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የገናና የጥምቀት፣ በጥር የሠርግ፣ ከዚያ የፋሲካ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ስንል ለባለ ቀሚሷ የደስታ ቃል ነው፤ ለሸማኔው ግን ቀኑ ተቆርጦ የተሰጠ ሥራ ነው። እኛ በዓል የምንለውን ቀን እሱ የሚያውቀው በዋዜማው ድካም ነው።

የእሱ በዓል መስቀል ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ የመላው አገር በዓል ነው። ለጋሞ ግን ከዚህም በላይ የአዲስ ዓመት መግቢያ፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የተበተነ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ነው። ዮ ማስቃላ ይሉታል። የትም ከተማ ያለ የጋሞ ልጅ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ሰዎች ዓመቱን ያጠራቀሙትን አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ቁርጡ፣ ቅቤው፣ ቆጮውና ዳጣው ይቀርባል። በዚያ ሰሞን ሽሮ ሜዳን የረገጠ ሰው ያ የመወርወሪያ ድምፅ ቀንሶ ያገኘዋል።

ከእንቁጣጣሽ እስከ መስከረም 17 ያሉት ሁለት ሳምንታት እንግዲህ ውድ ናቸው። የሰውን ትእዛዝ አስረክቧል፤ ብዙ ሸማኔ አሁን ለራሱ ቤት ይቀመጣል። ለእናቱ ጋቢ፣ ለአባቱ ቡልኮ፣ ለሚስቱ ነጠላና መቀነት፣ ለልጁ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቁበት ዱንጉዛ። ይህ ሥራ ከሌላው ይለያል። ለገበያ የሠራውን ሸማ ማን እንደሚለብሰው አያውቅም፤ ለእናቱ ሲሠራ ግን ትከሻዋን ያውቃል፣ የትኛው ጎኗን ብርድ እንደሚያማት ያውቃል። ማጉም ባለፈው ዓመት እሷ ራሷ ፈትላ የላከችለት ሊሆን ይችላል። ከደጋው በልቃቂት የወጣው ክር በጋቢ ይመለሳል። እናትም ተቀብላ በመጀመሪያ የምታየው ጥለቱን አይደለም፤ የራሷን ክር ነው።

ቆይታው አጭር ነው፤ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ሲመለስ በጆንያው ቆጮ፣ በቅሉ ቅቤ ይዞ ነው። ወዲያው የሚቀጥለው በዓል ትእዛዝ ይጠብቀዋል።

ያልተከፈለ ዕዳ

ይህን ሙያ አገሩ ለብሶት ሲኮራ ባለሙያውን ግን ለረጅም ዘመን ንቆታል። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ቀንሷል፤ የድካሙ ዋጋ ግን ገና አልተከፈለም። በሱቁ ደጅ ከተሰቀለው ልብስ ዋጋ ብዙው ወደ ሠሪው አይደርስም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ ከውጭ የገባ ጨርቅ «የሀበሻ ልብስ» ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። በእጅ የተሠራውን ለመለየት ግን ከባድ አይደለም፤ ገልብጡት። በእጅ የገባ ጥለት በጀርባው ክሩ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል፤ የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው። ሌላም ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት በደላላ እየመጡ በከተማ ያለ ትምህርትና ያለ በቂ ክፍያ ለሽመና መዋላቸው የታወቀ ችግር ነው። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሙያ መማሩ አንድ ነገር ነው፤ ከወላጁ ተለይቶ በሰው ቤት ጉልበቱ መበዝበዙ ሌላ ነው። ሙያውን የምንወድ ሰዎች ይህን አይተን ማለፍ አይገባንም።

ስለዚህ ለሚመጣው በዓል ልብስ ስትገዙ ሻጩን «ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቻላችሁ ከሱቁ ጀርባ ግቡና ከሠሪው እጅ ግዙ። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ስንት ቀን እንደፈጀበት ይንገራችሁ። ትእዛዛችሁንም በጊዜ ስጡት እንጂ ከእንቁጣጣሽ በኋላ አታጣድፉት፤ ያን ሰሞን የእናቱን ጋቢ እየሠራ ነው።