አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሁሉ የሚበቃ፦ ፊደላችን ወደ ስልክ እንዴት ገባ?

ዛሬ ከቂርያት መናሔም ጎንደር ላለ ዘመድ «እንደምን ሰነበታችሁ» ብላችሁ በስልክ ስትጽፉ፣ ፊደሉ ሳይበላሽ ይደርሳል። ከ30 ዓመት በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። አማርኛ የሚጽፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ቢኖሩም፣ እያንዳንዱ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር።

ይህን ለማቃለል ከደከሙት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። በ1990ዎቹ ከይትና ፍርድይወቅ ጋር ሆነው አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጁ። ስሙ «ሴራ» ይባላል፤ የእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃል ነው እንጂ ተንኮል የለበትም! ዳንኤል ደግሞ ፊደላችንን አንብቦ የሚለውጥ ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል ሠርተው ሌሎች ባለሙያዎች እንዲገለገሉበት ለቀቁት።

ሐሳቡ ቀድሞም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን አገር፣ ጋርሚሽ ከተማ በተደረገ ጉባኤ አሜሪካዊው ዳግላስ ማኪልሮይ፣ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ሁሉን ነገር እንደገና ከሚጀምሩ ዝግጁ ክፍሎችን እየወሰዱ ቢገጣጥሙ ይሻላል ብሎ ተናግሮ ነበር። እናቶቻችን ይህን በእርሾ ያውቁታል፤ የአንዷ ቤት እርሾ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ትልቁ መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን «ዩኒኮድ» በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው። በመዝገቡ እያንዳንዱ ፊደል ቋሚ ቁጥር አለው። የዕብራይስጡ አሌፍ 1488 ነው። የእኛ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 እያለ «ሆ» 4614 ላይ ይደርሳል፤ ልክ በፊደል ገበታው ተራ። ስልክ የሚሠራ ፋብሪካ ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ስለሚጠቀም፣ እናንተ የላካችሁት «ሀ» ጎንደርም «ሀ» ሆኖ ይታያል። ዳንኤልም «ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን» በተባለው ድርጅት በኩል የአማርኛ ኪቦርድ አዘጋጅተዋል።

እንግዲህ የልጅ ልጃችሁን «ስልኬ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አስገባልኝ» በሉት። «ሀግዳሮት» ውስጥ ገብቶ ከቋንቋዎቹ አማርኛን ይመርጣል። የድምፅ መልእክትም መልካም ነው፤ የተጻፈውን ግን ልጆቹ ነገ መልሰው ያነቡታል። ማንበብ ካልቻሉም አብራችሁ ተቀምጣችሁ ከ«ሀ» ጀምሩላቸው።